ከአዲስ አበባ ዋስ አምጡ ላላችሁን፦ ከድሬዳዋና ከሐረር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ወጣቶችን ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወደ ጀርመን ለምትልኩት ድርጅት አስተባባሪዎች

ጉዳዩ፦ የዋስና የትምህርት ማስረጃ ማስያዣ ውሳኔው እንዲነሳ ስለመጠየቅ (ሌሎች ቅሬታዎችም አሉን)

የተከበራችሁ አስተባባሪዎች፣

ጤና ይስጥልን። የድርጅታችሁን ስም እዚህ አልጻፍነውም። ለማን እንደተጻፈ እናንተው ታውቁታላችሁ፤ ሌላው አንባቢ ደግሞ ነገሩ ከገባው ይበቃናል። በኢሜይልም በስልክም ሞክረን "እናሳውቃችኋለን" ከማለት ያለፈ መልስ ስላጣን ነው አደባባይ የወጣነው።

በጥር ወር አንድ ማስታወቂያ በቴሌግራም ለቀቃችሁ። ከአሁን ወዲያ ከአዲስ አበባ ውጭ የሚያመለክት ሰው አዲስ አበባ የሚኖሩ ሁለት ቋሚ የመንግሥት ሠራተኞችን ዋስ ያቀርባል ይላል። የትምህርት ማስረጃውንም ዋናውን ቢሮ አስቀምጦ ይሄዳል፣ ሲመለስ ይቀበላል። ምክንያቱ በአንድ መስመር ተጽፏል፦ ባለፉት ዙሮች "የጠፉ" ልጆች ስላሉ።

ይህን የምንጽፈው ሄደን አገልግለን የተመለስን፣ አሁንም እዚያው እያገለገልን ያለንና ዘንድሮ ተራ የምንጠብቅ የድሬዳዋና የሐረር ልጆች ነን። አብዛኞቻችን የሠራነው በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ነው። ጥቂቶቻችን መዋዕለ ሕፃናት ነበርን።

መጀመሪያ ስለ ዋሱ እንነጋገር።

ዋስ መጠየቅ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ለጥበቃ ሥራም ለካሸርም ዋስ ይጠየቃል። ግን ዋስ የሚጠየቀው ንብረት የሚረከብ ሰው ነው። እኛ ምን ተረከብን? ጋሪ ገፍተን፣ አልጋ አንጥፈን፣ ሾርባ አጉርሰን የኪስ ገንዘብ ነው የተከፈለን። እሺ፣ ዋስ ግድ ነው እንበል። ታዲያ ዋሱ ለምን አዲስ አበባ መኖር አለበት? ድል ጮራ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ደመወዟ የመንግሥት አይደለም? የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ መምህርስ? ሐረር ላይ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጠፋ? አቦ፣ ይሄ ነገር ስለ ዋስትና ሳይሆን ስለ ርቀት ነው የሚመስለው። እናንተ ሳትነሱ እኛ እንድንመጣላችሁ።

አንድ ጉዳይ እንንገራችሁ። ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የምትኖር አንዲት እህታችን አለች። አባቷ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ቃለ መጠይቁን አልፋለች፣ ጀርመን ያለው ተቋምም ተቀብሏታል። አዲስ አበባ ላይ የምታውቀው አክስቷን ብቻ ነው፤ አክስቷ ደግሞ እንጀራ ጋግረው ነው የሚያድሩት። አክስቲቱ ጎረቤት ለጎረቤት ሲለምኑ ከርመው አንድ የወረዳ ሠራተኛ አገኙ። ሰውየው እሺ ካሉ በኋላ መሥሪያ ቤታቸው የደመወዝ ማረጋገጫ አልሰጥም አላቸው፤ ለካ ለሌላ ሰው ዋስ ሆነው ኖሯል። በመጨረሻ አንድ ደላላ ደወለላት። "ሁለት ዋስ በ30 ሺህ ብር፣ ፊርማውም ሰነዶች ማረጋገጫ ድረስ ሄደው ይፈርሙልሻል።" እንግዲህ መመሪያችሁ ያመጣው ይሄንን ነው። የሚያውቃት ሰው አይዋሳትም፣ የማያውቃት ሰው በገንዘብ ይዋሳታል። ልጅቷ ብትቀር ያንን የኪራይ ዋስ ምን ልታደርጉት ነበር?

የትምህርት ማስረጃው ደግሞ ይብሳል። የሰው ዲግሪ መያዣ አይደረግም። ቀላሉን ምክንያት እንንገራችሁ፦ ጀርመን ውስጥ ያ ወረቀት ያስፈልገናል። ከአገልግሎቱ በኋላ የሙያ ሥልጠና፣ ሁላችንም በልምድ አውስቢልዱንግ የምንለውን ለመጀመር የሚያመለክት ሰው የትምህርት ማስረጃውን ያቀርባል። አገር ቤት ተመልሶ ሥራ የሚፈልግም ያው ዋናው ይጠየቃል። እናንተ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋችሁ እኛ በፎቶ ኮፒ የት ልንደርስ ነው?

እዚህ ላይ "የጠፉ" ስለምትሏቸው ልጆች እናውራ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነውና።

ከሐረር ጁገል የሄደ አንድ ወንድማችን አለ። ዓመቱን በአንድ የአረጋውያን ቤት በሥርዓቱ አገለገለ። ጀርመንኛውን በራሱ ገንዘብና በራሱ ጊዜ ቢ ሁለት ወደሚባለው የቋንቋ ደረጃ አደረሰ። ያገለገለበት ቤት ራሱ "እዚሁ ተማርና ነርስ ሁን" ብሎ የሥልጠና ውል ሰጠው። የመኖሪያ ፈቃዱ ከማለቁ በፊት የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄዶ በሕጉ መሠረት አስቀየረ። ዛሬ በነርስነት የሦስት ዓመት ሥልጠና ላይ ነው፤ በወር ከ1,000 ዩሮ በላይ ይከፈለዋል፣ ግብር ይከፍላል፣ አድራሻው ተመዝግቧል፣ ስልኩ ይሠራል። እናንተ ዝርዝር ላይ ግን "የጠፋ" ነው።

መዝገብ ላይ ብቻ ቢሆን ባልከፋን። ከቢሮአችሁ አንድ ሰው ሐረር ለእናቱ ደውሎ "ልጅዎ ጠፍቷል፣ ያለበትን የሚያውቁ ከሆነ ይንገሩን" አላቸው። ሴትየዋ በዋዜማው ከልጃቸው ጋር በዋትስአፕ ሲያወሩ ያመሹ ናቸው። ግን "ጠፋ" የሚለውን ቃል ከቢሮ ሲሰሙ ደነገጡ፤ በአንድ ሌሊት የሆነ ነገር ሆኖ ነው ብለው ደም ግፊታቸው ተነስቶ ሆስፒታል አደሩ። ልጁ ደግሞ የዚያን ቀን የሌሊት ፈረቃ ነበረ፣ ስልኩን ያየው ጠዋት ነው። ይህን ያህል ጭንቀት በአንድ ስልክ። እስከዛሬ ይቅርታ ያላቸው የለም።

አንዋሽም፣ ቃሉን አጥፎ ወደ ሌላ አገር የተሻገረም እናውቃለን። አንድም ሰው አልቀረም አላልንም። ግን ሕጋዊ መንገድ ይዞ የተማረውን ልጅና ድንበር የተሻገረውን በአንድ ዓምድ ውስጥ ጽፋችሁ፣ ድምሩን አይታችሁ ደነገጣችሁና ቀንበሩን እኛ ላይ ጣላችሁብን። ደግሞስ ከአዲስ አበባ ከሄዱት የቀረ የለም? ማስታወቂያው እነሱን አይመለከትም።

ውለታ የዋላችሁልን አድርጋችሁ የምታወሩትም ያሳዝነናል። ቤኤፍዴ የሚባለው የፌዴራል በጎ ፈቃድ አገልግሎት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ጀርመን የግዴታ ውትድርናን ስታቆም ነው። ከዚያ በፊት ጠመንጃ አንይዝም ያሉ የጀርመን ወጣቶች በውትድርናው ፈንታ የአረጋውያን ቤትና ሆስፒታል ያገለግሉ ነበር። ውትድርናው ሲቆም እነሱም ቀሩ። እጅ አጠረ። እኛ የምንገባው እንዲህ ባለ ቤት ነው። ስለዚህ ስንሄድ የሚጠቀም አለ፤ የምንለምን አይደለንም።

ከመሄዳችን በፊት የምትነግሩንስ?

በገለጻችሁ ላይ "እስከ 644 ዩሮ ይከፈላችኋል" ብላችሁናል። 644 እ.ኤ.አ. በ2025 ሕጉ ያስቀመጠው የኪስ ገንዘብ ጣሪያ ነው። ጣሪያ እንጂ ወለል አይደለም። ብዙዎቹ ተቋማት ከዚያ በታች ነው የሚሰጡት። ቤትና ምግብ የሚሰጥ አለ፣ በገንዘብ የሚያስብ አለ፣ ግማሹን ብቻ የሚሰጥም አለ። አንዷ ልጅ ቁጥሩን ሰምታ ለቤተሰቦቿ "በየወሩ እልካለሁ" ብላ ቃል ገባች፤ እናቷም በዚያ ተማምነው የታናሽ ወንድሟን የግል ትምህርት ቤት ጀመሩ። እዚያ ስትደርስ ለአውቶቡስና ለምሳ ከፍላ የሚቀራት ለስልክ ካርድ ነበር። ከዚያ ላይ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፍያ የሚል ደብዳቤ መጣባት፤ በየቤቱ በወር 18 ዩሮ ከ36 ሳንቲም። ቴሌቪዥን የላትም። ቢኖርሽም ባይኖርሽም ትከፍያለሽ ነው የሚሉሽ። ይህን ቀድሞ የሚነግራት ሰው ቢኖር ኖሮ ወጪዋን አስባ ትሄድ ነበር። የማኅበራዊ ዋስትናና የጤና መድን መዋጮውን ተቋሙ እንደሚሸፍን እንኳ ያወቀችው እዚያ ነው፤ ታማ ገንዘብ ያስከፍሉኛል ብላ ሐኪም ቤት ሳትሄድ ከርማ።

ስለ ሥራውም እንዲሁ። "አረጋውያንን ታጫውታላችሁ፣ ባህል ትለዋወጣላችሁ" ነው ያላችሁን። ማጫወቱስ አለ፣ ደስም ይላል። ነገር ግን የጠዋት ፈረቃ ምን እንደሚመስል እንንገራችሁ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ትገባለህ። ክረምት ከሆነ እስከ 2 ሰዓት ድረስ ውጭው ድቅድቅ ጨለማ ነው። የድሬ ልጅ ጃኬት የሚለብሰው አዲስ አበባ ሲሄድ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የምታሸንፈው ብርዱን ነው። ከዚያ በር እያንኳኳህ ትገባለህ፣ መጋረጃ ትከፍታለህ፣ "እንደምን አደሩ" ትላለህ። የመርሳት ሕመም ያለባቸው እናት በየቀኑ ማን እንደሆንክ ይጠይቁሃል፤ አንዳንድ ቀን በፈገግታ፣ አንዳንድ ቀን በጩኸት። ታጥባለህ፣ ዳይፐር ትቀይራለህ፣ የሰው ሠራሽ ጥርስ አጽድተህ ታስገባለህ። ይሄ ነውር አይደለም፤ አያቶቻችንን የጦረ ሰው ያውቀዋል። ግን ሳይነገርህ ስትገባ የመጀመሪያው ሳምንት ያስለቅሳል። ሁለት ልጆች በዚህ ምክንያት በመጀመሪያው ወር ሊመለሱ ሻንጣ ሸክፈው ነበር።

ሕጉ በጎ ፈቃደኛ ተጨማሪ እጅ ነው፣ የቋሚ ሠራተኛን ቦታ አይተካም ይላል። ይህን እናንተም እንደምታውቁ እናውቃለን፣ ምክንያቱም በድረ ገጻችሁ ላይ ጽፋችሁታል። ታዲያ አንዷ እህታችን አለቃዋ ሠራተኛ ታሞ ቀርቷል ብላ መድኃኒት እንድታድል አዘዘቻት። በየሳጥኑ የተደረደረ የጠዋት ክኒን። መድኃኒት ማደል የባለሙያ ሥራ ነው፣ ቢሳሳት በሰው ሕይወት ይጠየቅበታል። ልጅቷ አልሰጥም አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ "አስቸጋሪዋ" ተባለች፤ ቅዳሜና እሑድ ፈረቃው ሁሉ የእሷ ሆነ። የሰጣችኋትን የአደጋ ጊዜ ስልክ ደወለች፣ አይነሳም። ኢሜይል ጻፈች። ሁለት ሳምንት ቆይቶ የመጣላት መልስ አንድ ቃል ነበር፦ "ታገሺ።" እኛ ትዕግሥት አስተማሪ አልፈለግንም። ለተቋሙ ደውሎ "ይሄ በውሉ የለም" የሚል ሰው ነበር የፈለግነው።

ውሉን ካነሳን፣ ውሉ በጀርመንኛ ነው። በበጎ ፈቃደኛውና በጀርመን መንግሥት መካከል የሚፈረም ነው። እናንተ "እዚህ ጋ ፈርሙ" ብላችሁ ገጹን ገልጣችሁ ሰጣችሁን። በውሉና በሕጉ ከ27 ዓመት በታች የሆነ ሰው በዓመት 25 የሴሚናር ቀን እንዳለው፣ ሲጨርስ የአገልግሎት ምስክር ወረቀት የማግኘት መብት እንዳለው፣ ብዙዎቻችን ያወቅነው ከሌሎች አገር ልጆች ነው። ከመካከላችን ምስክር ወረቀቱን ሳይቀበል የተመለሰ አለ። አሁን እዚህ ሆኖ ማን ይስጠው?

ስለ ወረቀት ጉዳይ በአጭሩ እንለፍ፣ ብዙ ነው። በላካችሁት የግብዣ ደብዳቤ ላይ የአንዷ ልጅ የአገልግሎት መጀመሪያ ቀን ከውሉ ጋር አልገጠመም። ስሕተቱ የእናንተ ነው፣ ቪዛ የተከለከለችው ግን እሷ ናት። ድሮ ቢሆን ቅሬታ ጽፋ እንደገና እንዲታይላት መጠየቅ ትችል ነበር፤ ያ አሠራር ከሐምሌ 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል። አሁን ያለው ወይ በርሊን ፍርድ ቤት መክሰስ፣ ወይ እንደገና ማመልከት ነው። የድሬዳዋ ልጅ በርሊን ትክሰስ? እንደገና ለማመልከት ደግሞ ሌላ ቀጠሮ፣ ሌላ 75 ዩሮ። የውጭ ምንዛሪው ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተለቀቀ ወዲህ 75 ዩሮ በብር ስንት እንደሆነ እናንተ አዲስ አበባ ሆናችሁም ታውቁታላችሁ። ያ ዙር አለፋት፣ ቦታውም ለሌላ ተሰጠ። ስትጠይቃችሁ የሰጣችኋት ምክንያት ደግሞ "የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያ ላይ ቪዛ አጥብቋል" የሚል ነው። ኅብረቱ በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. የወሰነው ስለ አጭር ጊዜ የሸንገን ቪዛ ነው። የእኛ የረጅም ጊዜ ብሔራዊ ቪዛ ነው። በሌላ ሰው ጥፋት አትሸፍኑት።

የስም ነገርም አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ አባትና አያት ነው ያለን። ፓስፖርት ላይ አያት፣ ውል ላይ አባት፣ ባንክ ላይ ሌላ አጻጻፍ ይሆንና የኪስ ገንዘቡ ይመለሳል። አንዱ ጓደኛችን ሁለት ወር ያለ ገንዘብ የቆየው በዚህ ነው። (መሥሪያ ቤቱ ሁሉ በአያቱ ስም ነበር የሚጠራው፤ አያትየው ከሐረርጌ ሳይወጡ ነፍሳቸው አልፏል፣ ስማቸው ግን በባቫሪያ ሲጠራ ዋለ።) ማመልከቻ ስትቀበሉ ሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ስም መኖሩን ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

በመጨረሻ፣ መንገዱ። ለገለጻ አዲስ አበባ፣ ለቃለ መጠይቅ አዲስ አበባ፣ ለቋንቋ ፈተና አዲስ አበባ፣ ለኤምባሲ አዲስ አበባ፣ አሁን ደግሞ ለዋስ አዲስ አበባ። የፈተናውና የኤምባሲው በእጃችሁ አይደለም፣ ይገባናል። ገለጻውና ቃለ መጠይቁ ግን በእጃችሁ ነው። ከድሬ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቃለ መጠይቁ የሚፈጀው ሃያ ደቂቃ ነው። አንዳንዱ ቀን ስንደርስ "አስተባባሪዋ ስብሰባ ላይ ናት፣ ነገ ኑ" ተብለን ለማደሪያ ከፍለናል። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ፈረንሳዩም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም ከዚራ በሚባለው ሰፈሯ ቤት ሠርቶ ሲኖር ከአዲስ አበባ ዋስ አምጣ ያለው የለም። ልጆቿም አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ እየቀላቀሉ ያደጉ ናቸው። አንዱ ልጃችን ባገለገለበት ከተማ የስደተኞች መጠለያ በሶማሊኛና በኦሮምኛ አስተርጓሚ ሲጠፋ በዕረፍት ቀኑ እየጠሩት ያስተረጉም ነበር፣ ያለ ክፍያ። እንዲህ ያለ ልጅ ነው በዋስ የምታስሩት።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው።

በጥር የወጣው የዋስና የማስረጃ ማስያዣ መመሪያ ይነሳ። እስካሁን የተቀበላችሁትን ዋና ማስረጃ ለባለቤቶቹ መልሱ፤ ለዚህ ስብሰባም ቃለ ጉባኤም አያስፈልግም፣ መሳቢያውን መክፈት ነው። ሳቢያን ያለችው እህታችንም ዋስ ስላላገኘች ከዚህ ዙር እንዳትቀር።

በሕጋዊ መንገድ ወደ ሥልጠና ያለፉትን ልጆች ስም "ጠፉ" ከሚለው ዝርዝር አውጡ። ለሐረሯ እናት ደውላችሁ ይቅርታ ጠይቁ። ይህንን ከሌላው አስበልጠን ነው የምንጠይቀው።

ገለጻውንና ቃለ መጠይቁን በዓመት አንድ ጊዜ ድሬዳዋ አድርጉት፣ የሐረሩም ልጅ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተጉዞ ይደርሳል። ካልተቻለ በቪዲዮ። አዳራሽ እኛ እንፈልጋለን፤ አገልግለው የተመለሱት ደግሞ ለአዲሶቹ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ሥራውንም ገንዘቡንም እንዳለ ይነግራሉ፣ ክፍያ አንጠይቅም። ውሉም ከመፈረሙ በፊት በምንረዳው ቋንቋ ይነበብልን።

ወረቀት ወደ ኤምባሲ ከመግባቱ በፊት ስምና ቀን የሚያመሳክር አንድ ሰው መድቡ። ስሕተቱ የእናንተ ሲሆን የድጋሚ ክፍያውን እናንተ ቻሉ፤ የግብዣ ደብዳቤዋ ለተበላሸባት ልጅም ከዚሁ ጀምሩ፣ ለቀጣዩ ዙር ያለ አዲስ ቃለ መጠይቅ መዝግቧት።

ጀርመን ውስጥ ስልክ የሚያነሳ ሰው ስጡን። ጀርመን ያለው አጋራችሁ ይህን እንዲያደርግ ጠይቁት፣ እንቢ ካለም ንገሩን፣ እኛው እንጽፍለታለን።

መልሳችሁን እስከ ሰኔ መጨረሻ በጽሑፍ እንጠብቃለን። ለመነጋገር ድሬ ድረስ ብትመጡ ደግሞ ማደሪያውንም ምሳውንም እኛ እንችላለን፣ ሙቀቱን ብቻ ቻሉት።

ከአክብሮት ጋር፣

ከድሬዳዋና ከሐረር ሄደው ያገለገሉ፣ በማገልገል ላይ ያሉና ተራ የሚጠብቁ በጎ ፈቃደኞች
ስለ ሁሉም፦ የቀድሞ በጎ ፈቃደኛ፣ የአረጋውያን ቤት ረዳት፣ ድሬዳዋ

ግልባጭ፦
ጀርመን ውስጥ ለሚገኙ ተቀባይ ተቋማት
ለአመልካቾች ወላጆች